ጠበቃው ዝም ያለ ጊዜ

ሰኞ፣ ሰኔ 8

ለወዳጅ ዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለደንበኞች በሙሉ፦ ዜናው ከባድ ነውና የቆማችሁ ተቀመጡ፣ የተቀመጣችሁም ግድግዳ ተደገፉ። እስከ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ድረስ ነፃ ሰው የነበረችው፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜዋ ለማንም ታዝዛ የማታውቀው የዚህ ደብተር ባለቤት፣ ከዛሬ ጀምሮ ለስድስት ሳምንት የድመት ሞግዚት ሆና ተሹማለች። ሹመቱ ምርቃት የለውም። ይግባኝም የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ የሴቶች ፀጉር ቤት ያለበት ግቢ ባለቤት የዐይናቸውን ሞራ ሊያስወግዱ ልጃቸው ወዳለበት ከተማ ሄዱ። በሌሉበት እትዬ ቁልፍ ነው የምላቸው፤ አንገታቸው ላይ አሥራ አንድ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፣ የግቢው በር ግን በጠቅላላ ስድስት ነው። ድመታቸውን ለአክስቴ አደራ ሰጡ። አክስቴ አደራውን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በክብር ተቀበለች፤ መኪናው ከበር እንደወጣ ለኔ ወረወረችው።

ድመቱ ተራ ድመት አይደለም። ፀጉሩ ረጅም ነው። አንገቱ ዙሪያ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው፣ ጭራው አቧራ ማራገፊያ ያክላል፣ ከኋላ ሲታይ ሰፊ ሱሪ የታጠቀ ይመስላል። ይኼ ሁሉ ይሁን። የማይቻለው አፉ ነው። ሲነሣ ያወራል። ሲበላ እያላመጠ ያወራል። በር ሲከፈትለት ለምን ዘገየ ብሎ፣ ሲዘጋበት ለምን ተዘጋ ብሎ ያወራል። ድምፁም አንድ ዓይነት አይደለም፤ የመጠየቂያ አለው፣ የመክሰሻ አለው፣ ሰው ቆሞ እንዲሰማው የሚፈልግበት አንድ ረጅም ደግሞ አለው። ስለዚህ ጠበቃው ብዬዋለሁ።

እትዬ ቁልፍ አራት ገጽ መመሪያ ትተዋል። እየተናገሩ ልጃቸውን አስጽፈውት ነው። አራት ገጽ! እኔ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ጋር በስምምነት የተለያየሁት እንዲህ ያለውን ላለማንበብ አልነበረም? አጣጥፌ የሚንገዳገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ሸጎጥኩት። ጠረጴዛው ቀጥ ብሏል። መመሪያው ጠቅሟል ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 10

ደንበኛ እየጠበቅሁ። ጠበቃው ራስ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ተጋድሟል። ፀጉር ማድረቂያው ፎን ሲበራ አብሮ ይጮሃል፤ ፎኑ ሲጠፋ የመጨረሻው ቃል የሱ እንዲሆን አንድ ጊዜ ይጨምራል። አብራኝ የምትሠራዋ ፍጥነት (አንዱን ራስ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅባት ነው ስሙን ያወጣሁላት) «ይኼ ሚስት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሦስቴ ተፈትቶ ነበር» አለች።

መጣች ደንበኛዋ። በቃኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 11

ዛሬ የሠራሁትን ለማንም አልናገርም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

አንዲት መምህርት መስተዋቱ ፊት ተቀምጣ «ልቆረጥ ወይስ ላሳድገው» እያለች ስታመነታ አርባ አምስት ደቂቃ ሆነ። ፍጥነት እንኳ ሰልችቷት አዛጋች። እኔ ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ «ለምን ጠበቃውን አንጠይቅም? እስካሁን ተሳስቶ አያውቅም» አልኩ። ሳቀች። ግን ጠየቀችው።

«ልቆረጥ?»

«ሚያአአአው።»

«ላሳድገው?»

«ሚያ።»

«ተፈረደ» አልኩ። «የረዘመው ነው መልሱ።»

መቀስ ተነሣ። ስትወጣ ደስ ብሏት ነበር። ከምሳ በኋላ ተመልሳ ስትመጣ ግን ደስታውን ቤቷ ረስታው ነበር። አክስቴ እሷን በይቅርታ ሸኝታ ወደኔ ዞረች፦ «አንቺ ጉድ! ሰው ራሱን አምኖ ይሰጠናል፣ አንቺ በድመት ታስፈርጃለሽ?»

«አክስቴ፣ እኔ ምን አልኩ? እሱ ነው ያለው።»

ጠበቃውም ጣልቃ ገብቶ የሚለውን አለ። አክስቴ «ሁለታችሁም ዝም በሉ!» ብላ ጮኸች። ሁለታችንም አላልንም።

እሑድ፣ ሰኔ 14

እትዬ ቁልፍ ደወሉ። የዐይን ሕክምናው ሆስፒታል አልጋ ይዘዋል፤ ስኳራቸው እስኪስተካከል ሐኪሞቹ ዐይናቸውን አይነኩም አሉ።

«ይበላል?»

«ከኔ የበለጠ፣ እትዬ።»

«ይበጠራል?»

እዚህ ላይ ዐይኔን በጨው አጥቤ «በየቀኑ፣ ጠዋትና ማታ» አልኩ። ማበጠሪያው ከመጣበት ከረጢት አልወጣም።

«በይ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊና ውጪልን።»

ውጪልን! የታወቀ ነው፣ በሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። እሳቸው አንድ ሲሉ እሱ ሦስት ይመልሳል። ትንፋሽ ሳይወስድ ሰባት ደቂቃ አወራ፤ ሰዓት ይዤ ነው። እሳቸው «እሺ የኔ ጌታ… አይ፣ እሱን እንኳ ተወው… ታዲያ አንተ ምን አልክ?» ይላሉ። የተተወው ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16

ቸኩያለሁ። ጉድ ፈላ። የጠበቃው ብብት ሥር የፀጉር ቋጠሮ። ከጆሮው ጀርባ ቋጠሮ። ሆዱ በሙሉ ቋጠሮ። አክስቴ ሳታይ ቀስ ብዬ ልፈታው ነበር ያሰብኩት።

አየችው።

ያው ማክሰኞ፣ ከሥራ በኋላ

አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፍ።

አክስቴ ቋጠሮውን በሁለት ጣቷ ዳሰሰችና እጅጌዋን ሰበሰበች። «ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ፀጉር ፈትቻለሁ። ከዚህ የባሰ ራስ ተሸክማ የመጣች ሙሽራ እየደነሰች ነው የሄደችው። ውሃ አሙቁ!»

የቤታችን ሕግ የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ማጠብ፣ ቀጥሎ ትሪትመንት መቀባት፣ ፀጉሩ ሲለሰልስ ከጫፍ ጀምሮ ማበጠር። ይኼ ሕግ ለስንት ሺህ ራስ ሠርቷል። እኔ የፊት እግር ያዝኩ፣ ፍጥነት የኋላውን፣ አክስቴ ሻምፑውን። ጠበቃው ያላነሣብን ክስ የለም። የሦስታችንም ክንድ ላይ በጥፍሩ ፈረመ። አንዲት ደንበኛ የፀጉር መጠቅለያው ቢጎዲን እንደተጠቀለለባት በር ላይ ቆማ «እናንተ ሰዎች፣ ምን እየሠራችሁ ነው?» አለች። «ትሪትመንት ነው» አለች ፍጥነት፣ ከፊቷ ላይ አረፋ እየጠረገች።

ቋጠሮው አልለሰለሰም። ጠበቀ! ውሃው መድረቅ ሲጀምር ፀጉሩ ተሰባስቦና ተያይዞ ሆዱ ላይ የበር ምንጣፍ የተሰፋበት መሰለ። ማበጠሪያ አያስገባም። የአንዱ ሁለት ጥርስ ረገፈ። አክስቴ ግን እጅ አትሰጥም፦ «ካስክ ሥር ይግባ። ሙቀት ይፈታዋል።» ካስክ ያ ደንበኞቻችን ራሳቸውን ከተው መጽሔት የሚያገላብጡበት ትልቁ ማድረቂያ ነው። በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤው ሥሩ ተቀመጥኩ።

ያበራሁት እኔ ነኝ። ይኼ ይመዝገብ። ሳቄ እየመጣ «ክቡርነትዎ፣ መጽሔት ላቅርብልዎት?» አልኩትና ቁልፉን ተጫንኩት። ነፋሱ ከላይ ሲወርድበት አንድ ጊዜ ጮኸ። ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነው። ከዚያ ከእጄ አምልጦ ገንዳው ሥር ገባ።

የሚያስቅ ነገር ነበር እኮ። ሁላችንም እየሳቅን ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 17

እንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድን። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ሆዱን ገልብጠው አዩና «ማነው ያጠበው?» አሉ።

«ባለሙያ» አለች አክስቴ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የምን ባለሙያ?»

«የፀጉር።»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ረጅም ፀጉር ያለው ድመት ቋጠሮ ካለበት ውሃ አያይም። መጀመሪያ በደረቁ ነው የሚበጠረው፣ ያውም በየቀኑ ትንሽ በትንሽ። እርጥብ ቋጠሮ ይጠብቃል።»

«እኛ ጋ እኮ መጀመሪያ…»

«እናንተ ጋ ደንበኛው ቤቱ ገብቶ ራሱን አይልስም። ይኼ የቀባችሁትን ሁሉ ሲልስ ነው የሚያድረው።»

አክስቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ተናግሯት አያውቅም። ቦርሳዋን ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች።

በማሽን ላጩት። ሆዱን፣ ጎኑን፣ ብብቱን። አሁን ከላይ አንበሳ፣ ከሥር የተነጨ ዶሮ ነው። «ይበቅላል» አሉ ሐኪሙ። በመንገድ ካርቶኑ ውስጥ ዝም አለ። ደክሞት ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 19

በላ። ዝም። በር ከፈትኩለት። ገባ። ዝም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 20

ቤቱ ሞልቷል፣ በቁሜ ነው የምጽፈው። ጠዋት ፍጥነት «እሰይ፣ ጆሯችን አረፈ» ብላ ነበር። ከሰዓት «ኧረ ይኼ ነገር ይከብዳል» አለች።

ልፈትነው ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ሊወጣ ሲል ዘጋሁበት። ድሮ ለዚህች ብቻ ግማሽ ሰዓት ይከሰኝ ነበር። አየኝና ዞሮ ሄደ።

ነገ እሑድ ነው። እትዬ ቁልፍ ይደውላሉ።

እሑድ፣ ሰኔ 21

ስልኩ ጮኸ። ገንዳው ሥር ተጋድሜ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረግሁ።

«የኔ ጌታ፣ እኔ ነኝ።» ዝም። «ተቀየምከኝ እንዴ?» ዝም። ጆሮውን ብቻ አዞረ። «ልጄ? ምነው? አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነብኝ?»

ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ታዲያ እኔ ምን ልሁን? የማንንም ድምፅ መቅዳት እንደምችል ሰፈሩ ያውቃል፤ ከትምህርት ቤት ያስወጣኝም የርእሰ መምህሩን ድምፅ አውጥቼ ሁለት ክፍል ተማሪ ወደ ቤቱ ማሰናበቴ ነው። አፍንጫዬን ያዝኩና «ሚያአአው?» አልኩ።

«እፎይ!» አሉ እትዬ ቁልፍ። ጥቂት ቆይተው «ጉንፋን ይዞሃል መሰለኝ» አሉ።

በክስ ድምፅ መለስኩላቸው። ሳቁ። በጥያቄ ድምፅ ጨመርኩ። አሥር ደቂቃ አወራን። ከጨረስኩ በኋላ ቀና ስል ጠበቃው እያየኝ ነው። ፊቱ ላይ የነበረውን አልጽፈውም።

ይኼን ያህል ቀላል መሆኑን ባውቅ ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ ባልተጨነቅሁ። አልተጨነቅሁም ግን።

ረቡዕ፣ ሰኔ 24

ዛሬም ደወሉ። ረቡዕም ሊጨመር ነው ማለት ነው። «እስቲ ያቺን ረጅሟን በልልኝ» አሉኝ፣ ማለቴ አሉት። አልኩ። «ድገማት!» ደገምኩ። «አሁን ደግሞ በር የተዘጋብህ ጊዜ የምትላትን።» እሷንም። ከጀርባቸው ሰው ይስላል። አንድ ሰው አይደለም፣ ብዙ ሰው ነው የሚስለው። የዐይን ሆስፒታል ነው ያልኩት፣ ለካ ሳልም አለበት።

ድምፄ ሰለለ። አክስቴ «ማንን ስትሰድቢ ውለሽ ነው?» አለችኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 28

ዛሬ ሳል የሚባል አልነበረም። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። እትዬ ቁልፍም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያወሩት።

ሐሙስ ቀኝ ዐይናቸው ይነካል። ለልጃቸው አልፈራም ብለውታል። «ላንተ ግን ምን እዋሻለሁ፣ ፈርቻለሁ» አሉ። ልጃቸው ግቢውን ሸጠው እሱ ዘንድ እንዲቀሩ ይፈልጋል። «ዐይኔ ባይበራም ግድ የለኝም፣ ቤቴን በድመቴ ድምፅ አውቀዋለሁ አልኩት። ሳቀብኝ። ይሳቅ። አንተ ካለህ እመጣለሁ።» ከዚያ ደግሞ፦ «ያቺ ወሬኛ እንዴት ናት? አደራ እንዳትቀየማት። ከግቢው ሁሉ ድምፅ ያላችሁ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ።»

ሁለት ጊዜ አጭር አልኩ። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያወሩ ውጪልን ማለት ነበረባቸው። ብለዋል ለካ። እኔ ነኝ ያልወጣሁት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 30

መመሪያውን ከጠረጴዛው እግር ሥር አወጣሁት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ የልጃቸው ጽሕፈት የዶሮ ጭረት ነው። በየቀኑ ይበጠር፣ ብብቱና ሆዱ አይረሳ። ውሃው ከምግቡ ይራቅ፣ ካልሆነ አይጠጣም። ብቻውን አይዋል፣ ከክፍል ክፍል ይከተላል፣ ይኼ ፀባዩ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ይወዳል። ድምፅ ካለው ማሽን ይጠበቅ። (ይጠበቅ!) አራተኛው ገጽ ላይ፦

«ሲያናግርሽ መልሺለት። አመሻሽ ላይ ምንም አላይም። እሱ ፊት ፊት እያወራ ይሄዳል፣ እኔ ድምፁን እከተላለሁ። በደረጃው እስካሁን ያልወደቅሁት በሱ ነው።»

ይኼን አንደኛ ገጽ ላይ ማስጻፍ አይሻልም ነበር? ሰው ዋናውን ነገር መጨረሻ ያደርጋል?

ጠረጴዛው እንደገና ይንገዳገዳል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 2

የእትዬ ቁልፍ ዐይን የሚነካው ዛሬ ነው። ጠበቃውን ይዤ ብቻዬን ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ጉሮሮውን በባትሪ አዩ። «ምንም የለበትም። ድምፅም አለው፣ ሳስለው ሰምቻለሁ። አፉን ዘግቶ ነው እንጂ።»

«ማስከፈቻ መድኃኒት የለውም?»

«እንዲህ ያለው ድመት ወሬ የሚወደው ወሬ ስለሚመለስለት ነው። ቤታችሁ እንዴት ነው? ሰው ያወራል?»

«ፀጉር ቤት እኮ ነው» አልኩ።

መንገድ ላይ ሳስበው ግን… ይሁን፣ ተወው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 3

በየቀኑ እያበጠርኩት ነው፣ የቀረችውን ፀጉር። በደረቁ፣ ቀስ ብዬ። እያበጠርኩ በትህትና አናግረዋለሁ። «እንዴት አደሩ? ቀዝቅዞዎታል?» ይቅርታም ጠየቅሁት፣ ስለ ካስኩ። ሰው ቢያየኝ ኖሮ ሰፈር እለቅ ነበር። አንዲትም አልመለሰ።

ሻይ ላፈላ ጓዳ ገብቼ ሳለ ፍጥነት ለአክስቴ ስትነግራት ሰማሁ፦ «ልጅቷን አሳክሚያት። ሁለት ሳምንቷ ነው ሰው ከሰደበች። ትላንት 'እባክሽ' አለችኝ እኮ፣ ደነገጥኩ።»

አክስቴ «እኔም አይቻለሁ» አለች። እሷም ብትሆን ደንበኛ መቆጣት ካቆመች ሰንብታለች። ፎኑ ብቻ ነው የሚጮኸው።

አልታመምኩም። ሥራ ስለበዛ ነው።

እሑድ፣ ሐምሌ 5

እንዴት ልጀምረው?

መጀመሪያ ልጃቸው ነው የደወለው፣ ለአክስቴ። ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ነበር፣ ፋሻው ነገ ይፈታል። «እናቴ ግን ከእንግዲህ ብቻዋን አትኖርም። ድመቱን የሚወስድ ሰው ካለ ይፈለግለት።» አክስቴ ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ አመድ መስሏል።

ከሰዓት እሳቸው ደወሉ። ገንዳው ሥር ገባሁ።

«የኔ ጌታ» አሉ፣ «ዛሬ ለልጄ መልስ እሰጣለሁ ብያለሁ። አንተ ንገረኝ። ልምጣ ወይስ ልቅር? ና ካልክ ረጅሟን በል። ቅሪ ካልክ አጭሯን።»

አፌን ከፈትኩ። ረጅሟን ማለት እኮ ቀላል ነበር። እኔም እሷኑ ነበር ማለት የፈለግሁት። ነገ ይመጣሉ፣ ይመሽባቸዋል፣ ደረጃው አፍ ላይ ቆመው ይጣራሉ። ማን ነው የሚመልስላቸው? እኔ ነኝ በየማታው በአራት እግሬ ፊት ፊት የምሄድላቸው?

«እትዬ» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«ድመቱ አይደለሁም። ከሰኔ ሃያ አንድ ጀምሮ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ።

ቆሌዬ ተገፈፈ። «ምኑን?»

«ድመቴ ሲያወራ መሀል ላይ አይስቅም። አንቺ ትስቂያለሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ዝም አልኩሽ፣ ሳስጮህሽ አልከረምኩም? ያን ረቡዕ ስልኩን ለክፍሉ በሙሉ ከፍቼው ነበር። ዐይናችን የታሰረ አሥር ሴቶች ነን። ነርሷ ሳትቀር ትራስ ነክሳ ነው የሳቀችው። ረቡዕና እሑድ እስኪደርስ ቀን ይቆጥሩ ነበር።»

እኔን! እኔን በእንዲህ ያለ መንገድ ያታለለኝ ሰው እስከ ዛሬ አልተወለደም ነበር። መናደዴን ልጀምር ስል ግን ድምፃቸው ተለወጠ።

«እሱ ግን የት ነው? ለምን አልሰጠሽኝም?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማበጠሪያውን፣ ውሃውን፣ ካስኩን፣ መላጨቱን። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእጅን ወለምታ ምን ብለው ይሆን?

«ዝም አለ?» አሉ።

«አዎ።»

«ስንት ቀኑ ነው?»

«አሥራ ስምንት።»

ስልኩ ተዘጋ። ገንዳው ሥር ቀረሁ፣ እሱም አጠገቤ። ፍሳሽ ማውረጃው ላይ ስንጥቅ አለ። ስቆጥረው ሦስት ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7

አልደወሉም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 8

አልደወሉም። አክስቴ «ድመቱን ማን ይወስደዋል?» አለች። «ማንም አይወስደውም» አልኩ፣ ከፍ ባለ ድምፅ። ደንበኞች ዞር ብለው አዩኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 10

አበጠርኩት። አዲሱ ፀጉር እንደ ኮክ ልጣጭ ነው፣ ለስላሳ። ስልኩ ቻርጅ አለው። ደጋግሜ አይቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 11

መጡ።

ሳይደውሉ፣ ረፋድ ላይ፣ ቤቱ ሞልቶ ሳለ። ልጃቸው መኪናውን በር ላይ አቁሞ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም፤ ለካ ዕቃ ሰብስበው ሊመለሱ ነው የመጡት። እትዬ ቁልፍ ጥቁር መነጽር አድርገው ገቡና መሀል ቤት ቆሙ። ፎኑን አጠፋሁ።

«የት ነው?»

ገንዳውን በእጄ አሳየሁ። ጎንበስ ብለው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። አዩት። እሱም አያቸው። ወጥቶ እግራቸው ሥር ቆመ። ራሱን አሻሸባቸው። ዝም።

«የኔ ጌታ» አሉ። ዝም። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ጠሩት። ከዚያ ሆዱን ዳበሱና ቀና አሉ።

«ማየት የጀመርኩት ይኼን ለማየት ነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

«ይቅርታ ምን ይሠራልኛል! ምነው፣ በስልክ እንደዚያ ስትንጫጪ የነበርሽው ዛሬ ምላስሽን ማን ቆለፈው?»

ዝም ልል ነበር። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ዝም ልል ነበር።

«እርስዎ ይሆናላ! ቁልፍ የሚሰበስቡት እርስዎ ነዎት!» አልኩ።

ፍጥነት ማበጠሪያዋ ከእጇ ወደቀ።

«ምን አልሽ?»

«አሥራ አንድ ቁልፍ ለስድስት በር! ደግሞስ አሥር ሰው ሰብስቦ በሰው ልጅ መሳቅ ምን የሚሉት ነው? ጉሮሮዬ ቆስሎ ሳምንት ሙሉ ማር ስልስ ነው የከረምኩት!»

«እሰይ! ድመቴን ላጭተሽ ማር አማረሽ?»

«የላጨሁት እኔ አይደለሁም፣ ሐኪሙ ናቸው!»

«ማን አስላጨው?»

«አክስቴ ናት ያጠበችው!»

«እኔን አታንሺኝ!» አለች አክስቴ ከጀርባ፣ ቢጎዲን አፏ ውስጥ እንደያዘች። «አበጠርኩት ብሎ ማን ዋሸ?»

«ውሃ አሙቁ ያለው ማነው?»

«እኔ ለራሴ የኋላ እግር ነው የያዝኩት» አለች ፍጥነት። ደንበኞቹም ተከፋፈሉ። ያቺ መምህርት ሳትቀር (መጥታለች፣ ልታስተካክል) «እኔንም ፀጉሬን ያስቆረጠችኝ እሷ ናት!» ብላ ከካስክ ሥር ጮኸች። እትዬ ቁልፍ በቁልፋቸው እያቃጨሉ፣ እኔ በማበጠሪያ ጠረጴዛ እየመታሁ፣ አክስቴ…

«ሚያአአአአአአው።»

ሁላችንም ቀጥ አልን።

ጠበቃው በመሀላችን ቆሟል። ጭራው ቀጥ ብሏል። አንድ ጊዜ ዙሪያውን አየንና ጀመረ። ትንፋሽ አልወሰደም። የውሃውን ነገር አነሣ፣ የሻምፑውን፣ የካስኩን፣ የካርቶኑን፣ የማሽኑን። ወደ አክስቴ ዞሮ አንድ አጭር፣ ወደኔ ዞሮ አንድ ረጅም። ወደ እትዬ ቁልፍ ሲዞር ደግሞ ጥለሽኝ የት ሄድሽ የሚል የሚመስል አወጣ፣ እሱስ አንጀት ይበላል። ይኼ ግትር! ሃያ አራት ቀን ሙሉ አዘጋጅቶት ኖሯል።

እትዬ ቁልፍ ቀስ ብለው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «እሺ የኔ ጌታ… እሺ… ከዚያስ?»

ልጃቸው በሩ ላይ ብቅ አለ። «እማዬ፣ መኪናው…»

«ሞተሩን አጥፋ» አሉት፣ ዐይናቸውን ከድመቱ ሳያነሡ። «ሻንጣዬንም አውርደው። አታቋርጠው፣ ገና አልጨረሰም።»

ዐይኔ ውስጥ ስፕሬይ ገባ። ፍጥነትም ገባባት። መጥፎ ስፕሬይ ነው፣ መለወጥ አለበት።

እሑድ፣ ሐምሌ 12

ዛሬ ዝግ ነው። የእትዬ ቁልፍ የግራ ዐይን ለሌላ ጊዜ ተቀጥሯል፤ ልጃቸው አኩርፎ ሄደ፣ ከመንገድ ደውሎ ታረቀ። አክስቴ የቤቱን ሕግ ለድመት ብቻ ለውጣዋለች፦ መጀመሪያ ማበጠሪያ።

ደብተሩን ሳገላብጠው ግማሹን ጨርሼዋለሁ፣ አሁን ደግሞ ለምን እንደሆነ ግራ ገባኝ። ለማያውቅ ሰው ቢነገረው እኮ ይኸው ነው፦ አንድ ድመት ታጠበ፣ ተላጨ፣ ተቀየመ፣ ታረቀ። ሰው አልሞተ፣ ቤት አልተቃጠለ፣ ፀጉር እንደሆነ ይበቅላል። በጣም ትንሽ ነገር ነው። እኔም ብዙም አላሰብኩበትም።